መቶ ፍራንክ ስንት ብር ነው? የጅቡቲ ነፃነትና ኑሮ ከድሬዳዋ ሲታይ

አክስቴ ከረከቦቷ አጠገብ በምታስቀምጣት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አምስት የጅቡቲ ባለ መቶ ፍራንክ ሳንቲሞች አሏት። ግመሎች ተቀርጸውባቸዋል። በደርግ ዘመን በባቡር እየተመላለሰች ጨርቅና ሽቶ ስትነግድ የተረፏት ናቸው። ያን ጊዜ በመንግሥት ምንዛሪ አንዱ ሳንቲም አንድ ብር ከአሥራ ስድስት ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። ዛሬ ያው ሳንቲም ከ60 ብር በላይ ነው።

ባልባላ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የምትኖር የንግድ ጓደኛ አለቻት። በፍራንክ እየሸጠች፣ በፍራንክ እየገዛች፣ የቤት ኪራይዋን በፍራንክ እየከፈለች ያረጀች ሴት ናት። ይህ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ገንዘቧ ከዶላር አንጻር አንዲት ሳንቲም አልቀለለባትም። የአክስቴ ብር ግን ውኃ እንደነካው ጨው ሟሟ። ሆኖም ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ባለ ፍራንኳ ከባለ ብሯ ተሻለ ኖረች ለማለት አልደፍርም። አንዷ የሚሟሟ ገንዘብ ነበራት፤ ሌላዋ የማይሟሟ፣ ግን ጥቂት። ነፃ የወጣች አገር ገንዘቧ ሳይወድቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ የሕዝቧ ጓዳ ለምን አልሞላም? ይህን ጥያቄ ይዤ የጅቡቲን ጉዳይ ከድሬዳዋ ሆኜ ለመመርመር ሞክሬአለሁ። ከድሬዳዋ የሆነውም እኔ እዚህ ስለተወለድኩ ብቻ አይደለም፤ የጅቡቲ ሒሳብ ግማሹ የተጻፈው እዚህ ስለሆነ ነው።

ሐዲዱ የወለዳቸው

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልኩት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ወደ ሐረር ማውጣቱ ከባድና ውድ ሆነ። ሐረር ከላይ ቀረች፤ ከታች በደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ድሬዳዋ የሚለው ስም ግን አሸነፈ። አዲስ አበባ ድረስ ያለው መስመር የተጠናቀቀው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆነው ርዝመት በጅቡቲ መሬት ላይ ያረፈው መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሊዘነጋ አይገባውም። ጅቡቲ የሐዲዱ በር ናት፤ ቤቱ ግን ያለው ከድንበሩ ወዲህ ነው። የባቡሩ ትልቅ የጥገና ሥፍራ የተሠራው ድሬዳዋ ነበር። ከዚራ በሚባለው ሰፈር መንገዶቹ ቀጥ ብለው የተቀየሱት ለባቡር ኩባንያው ነው። ሽማንደፈር የሚባለው የባቡር ሠራተኛ ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ ደመወዙ በቀኑ የሚደርሰው፣ ልጁን የሚያስተምር ሰው ነበር። ከወንዙ ማዶ መጋላ የምትባለው ሰፈር ደግሞ ባቡሩ ያመጣውን እየቸረቸረች ትኖር ነበር። ጅቡቲ በ1941 ዓ.ም. ነፃ ወደብ ከሆነች በኋላ ዕቃው ያለ ቀረጥ ስለሚገባ፣ እዚያ የሚሸጥበትና እዚህ የሚሸጥበት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። የድሬዳዋ ኮንትሮባንድ የተወለደው በዚያ የዋጋ ልዩነት ውስጥ ነው። ስንት ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው ከዚሁ ልዩነት ነው፤ ስንት ሴትም ጨርቅ በወገቧ ጠምጥማ፣ ፊናንስ ፖሊስ ሲወጣ ትንፋሿን ውጣ ተጉዛለች።

ሰኔ 20 ቀን 1969

ፈረንሳይ ይህችን ምድር መጀመሪያ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ትላት ነበር። በ1951ም በ1959ም በተደረጉት ሕዝበ ውሳኔዎች ከፈረንሳይ ጋር መቆየት አሸነፈ ተብሏል። በሦስተኛው፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ድምፅ የሰጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ነፃነትን መረጠ። ሰኔ 20 ቀን ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ባንዲራው ተሰቀለ።

አዲሱ መንግሥት የተረከበው ምን ነበር? 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት፣ አብዛኛው ድንጋይና አሸዋ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ሊታረስ የሚችለው መሬት ከቁጥር አይገባም። የአሳል ሐይቅ ጨው አለ፤ የአርብቶ አደሩ ግመልና ፍየል አለ። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ከመተላለፊያነት የሚገኝ ነው፦ ወደቡ፣ የባቡሩ ጫፍ፣ ከ4 ሺህ በላይ ወታደር ያለው የፈረንሳይ ጦር፣ ፍራንኩም።

ወደቡ ራሱ ቁስለኛ ነበር። የስዊዝ ቦይ ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ለስምንት ዓመት ተዘግቶ ስለነበር ነዳጅና ውኃ ሊሞሉ ጅቡቲ የሚቆሙት መርከቦች ሌላ መንገድ ለምደው ነበር። የኢትዮጵያም ጭነት አብዛኛው ወደ አሰብ ዞሯል፤ አሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ነበራት፣ ለከባድ መኪና የሚሆን አስፋልትም ነበራት።

ከዚያም ነፃነቱ ገና ወር ሳይሞላው ጦርነት መጣ። የዚያድ ባሬ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ፤ የባቡሩ ድልድዮች ፈረሱ፤ ሐዲዱ ለአንድ ዓመት ገደማ ሥራ አቆመ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ውጊያው ድሬዳዋ ደጅ ደረሰ። በዚያ ክረምት የነበሩ የሰፈራችን አዛውንቶች ከመድፉ ድምፅ ይልቅ አጥብቀው የሚያስታውሱት የባቡሩን ፊሽካ ዝምታ ነው። ሰዓት የሚያውቁት፣ ገበያ የሚወጡት በፊሽካው ነበርና። በሐዲዱ ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ባቡር አልባው አዲስ አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከዚሁ ጦርነት ሸሽተው ሲገቡበት ነበር። ስንቶች አገሮች የነፃነታቸውን የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ጀምረዋል?

ሊወድቅ ይችል ነበር። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ካለችው ኮከብ አምስት ጫፎች አንዱ ጅቡቲን የሚያመለክት ነበር፤ ከዚህ ወገን ደግሞ ወደቡን ካጣ የሚታፈን ትልቅ አገር አለ። ጉሌድ ከሁለቱም ጋር ሳይጣሉ፣ የፈረንሳይን ጦር ከለላ አድርገው፣ አገሪቱን የአረብ ሊግ አባል አስገብተው፣ ወደቡን ክፍት አድርገው ያቆዩትን ሰላም እኔ ከፍ ያለ ሥራ ነው እላለሁ። ስለ ጅቡቲ ድህነት ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ፍራንኩ

አሁን ወደ አክስቴ ሳንቲሞች ልመለስ፤ የጉዳዩ እምብርት እነርሱ ናቸውና።

የጅቡቲ ፍራንክ የተመሠረተው ነፃ ወደቡ በታወጀበት በዚያው በ1941 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ ቀላልና ጥብቅ ነው፦ ለሚወጣው ፍራንክ ሁሉ መተማመኛ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ በመጠባበቂያ መቀመጥ አለበት። ሰው ፍራንኩን ይዞ መጥቶ ዶላር ስጡኝ ቢል ያለ ምንም ፈቃድ ይሰጠዋል። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ነፃነት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ረሃብ መጣ፣ ይህ ቁጥር አልተነቃነቀም።

ብራችንም በዚያው ሰሞን በ2.07 ብር ለአንድ ዶላር ታስሮ ነበር። ስለዚህ ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት ቀን አንድ ብር በመንግሥት ምንዛሪ ወደ 86 ፍራንክ ያወጣ ነበር። በጥቁር ገበያ ዋጋው ሌላ እንደነበረ የማያውቅ የድሬዳዋ ነጋዴ የለም፤ ቢሆንም መነሻው ይህ ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ለአንድ ዶላር ወደ 5 ሲወርድ አንድ ብር 35 ፍራንክ ተኩል ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አንድ ብር ሦስት ፍራንክ ብቻ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ፍራንክም መሙላት አቃተው።

ይህን የሚያይ ሰው ጅቡቲ አተረፈች ይላል። በአንድ በኩል እውነት ነው። የጅቡቲ ደመወዝተኛ የቆጠባት ገንዘብ አልተበላችበትም፤ ነጋዴው ከዱባይ ዕቃ ለማዘዝ የምንዛሪ ወረፋ አይጠብቅም፤ ባንኮች የሚመጡት፣ የእኛም ነጋዴዎች ገንዘባቸውን እዚያ ማስቀመጥ የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው ወገን ግን ከባድ ነው። ዶላር የሌለው መንግሥት ፍራንክ ማተም አይችልም። ከ1984 እስከ 1987 ዓ.ም. በሰሜን ከአፋር አማፂያን ጋር ጦርነት በነበረበትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ሠራዊቱ በዛ፣ ወጪው አበጠ፣ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። ምን ተደረገ? የመምህሩና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ለወራት ዘገየ። እኛ ዘንድ ካዝና ሲራቆት ብር ይታተማል፣ ዋጋ ይወጣል፣ ድህነቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። እነርሱ ዘንድ ዋጋው ባለበት ቆሞ ደመወዙ ይቀራል። የትኛው ይከብዳል ለሚለው፣ ደመወዝ ለሌለው ሰው ሁለቱም እኩል ናቸው።

ደመወዝ የሌለው ደግሞ ብዙ ነው። ፍራንኩ ጠንካራ በመሆኑ የጅቡቲ የጉልበት ዋጋ ከኢትዮጵያም ከየመንም ከሶማሊያም በላይ ነው። በዚያ ላይ የመንግሥት ደመወዝ ስኬል ከፈረንሳይ ዘመን የተወረሰ ነበርና የሌላውንም ደመወዝ ወደ ላይ ጎተተ። ኤሌክትሪኩ ለብዙ ዓመታት በነዳጅ ብቻ የሚመነጭ፣ ውድ ነበር። ታዲያ ማን እዚያ ሄዶ የሸራ ጫማ ፋብሪካ ይከፍታል? ልብሱም ጫማውም ሳሙናውም ከውጭ በርካሽ ይገባል። በፍራንክ የሚከፈለው ወደቡ፣ መንግሥቱና የጦር ሰፈሩ የሚያሠሩት ሰው ነው። ከእነዚህ ሦስት በሮች ውጭ የቀረው የሚኖረው ከደመወዝተኛው በሚያገኘው ነው፤ ይሸጥለታል፣ ያጥብለታል፣ ይሸከምለታል፣ ወይም ዘመዱ ነው። አንድ ደመወዝ ስንት አፍ እንደሚመግብ ጅቡቲ የኖረ ሁሉ ያውቃል።

ባልባላ

ፈረንሳዮች ከ1959 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ወደ ከተማው የሚፈልሰውን ሰው ለማገድ የጅቡቲን ከተማ በሽቦ አጥር ከበው ነበር። ባልባላ የበቀለችው ከዚያ አጥር ውጭ ነው፤ በቆርቆሮ፣ በጣውላና በጨርቅ። ከነፃነት በኋላ አጥሩ ቀረ፤ ሰፈሩ የከተማው አካል ሆነ፤ ሰውም እየበዛ ሄደ።

የአክስቴ ጓደኛ ጓዳ ውስጥ ያለውን እንቁጠር። ሩዙና ዘይቱ በመርከብ የመጣ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከእኛ ዘንድ በመኪና የሄደ ነው። ባሏ ከቀትር በኋላ የሚቅመው ጫት ማለዳ ከአወዳይ አካባቢ ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ በፍጥነት የተጫነ ነው። ጅቡቲ በቀትር ጫቱ ሲዘገይ ምን እንደምትመስል ያየ አይረሳውም። ከቤተሰቡ ወጪ ትልቅ ድርሻ በዚህ ቅጠል ላይ ይሄዳል፤ መንግሥትም ቀረጡን ይሰበስብበታል። እኔ በዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር የምለው የለኝም። ሐረርጌ ላይ ጫት አምራቹን ያበላል፣ ጅቡቲ ላይ የልጆችን ወተት ይቀንሳል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

መብራቱስ? በፈረንጆቹ 2011 ሥራ በጀመረው ከድሬዳዋ በኩል በሚሻገረው የኃይል መስመር ከኢትዮጵያ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ውኃው ሳይቀር በሃዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ወጥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ይጓዛል። ስለዚህ በነፃ አገር ውስጥ ያለች የአንዲት ሴት ጓዳ ሽንኩርቱም፣ አምፖሉም፣ ጆጉም በጎረቤት ደጅ በኩል ይሞላል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሲንጋፖርም ውኃ ከማሌዥያ ትገዛለች። ልዩነቱ ሲንጋፖር በፋብሪካና በሙያ ለሕዝቧ ሥራ መፍጠሯ ነው።

የጎረቤት ጦርነት ያመጣው ሀብት

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆነች፤ ቢሆንም አሰብ ላይ መጠቀሙ ቀጥሎ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ፈነዳና የኢትዮጵያ ጭነት በወራት ውስጥ ተጠራርጎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያ ነው። ጅቡቲ በሃያ ዓመት ነፃነት ያላገኘችውን ሁለት ሌሎች አገሮች በመጣላታቸው አገኘችው።

የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ በአንድ የዱባይ ኩባንያ አማካይነት ተሠራ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን አፍርሶ ወደቡን ያዘ፤ ክርክሩ ዓለም አቀፍ ችሎት ደረሰ። የጦር ሰፈሮቹም በዙ። ከፈረንሳይ ቀጥሎ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ በ2009 ዓ.ም. ቻይና። አሜሪካ በ2006 ዓ.ም. ያደሰችው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ያስከፍላታል። ይህ ብዙ ይመስላል። በፈረንጆቹ 2009 በተደረገው ቆጠራ የጅቡቲ ሕዝብ 818,159 ነበር። ኪራዩ ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ቢታደል በዓመት 77 ዶላር፣ ወይም 13,700 ፍራንክ ገደማ ይደርሰዋል። ለአንድ ሰው የአንድ ወር ወጪ እንኳ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። እሱም ቢታደል ነው።

በአማካይ ሲሰላ የጅቡቲ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከእኛ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የዓለም ባንክ ግን በፈረንጆቹ 2017 ከሕዝቧ 17 በመቶ ያህሉ በቀን ከ1.90 ዶላር በታች እንደሚኖር ገምቷል። ኮንቴይነር በክሬን ይነሣል፤ አንድ ክሬን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው። ዱሮ ጆንያ በጫንቃ ይወርድ በነበረበት ጊዜ ወደቡ ያሠራው የነበረውን ያህል ሰው አሁን አያሠራም። ወደቡ አድጓል፣ በሩ ጠቧል። የባልባላ ልጅ ከቤቱ ደጅ ሆኖ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሊቆጥር ይችላል። ሾፌሩ ኢትዮጵያዊ፣ ዕቃው የኢትዮጵያ፣ ቀረጡ የመንግሥት ነው፤ ለልጁ የሚቀርለት ምናልባት ለሾፌሩ የሸጠው ሻይ ነው።

ድሬዳዋ ይህንን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ማንበብ የለባትም። አሮጌው ባቡር አርጅቶ ቆመ፤ የሽማንደፈሩ ልጅ ሙያ የሚማርበት የጥገና ሥፍራም አብሮት ተቀዛቀዘ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ጭነቱን በፍጥነት ያሳልፋል። በየፌርማታው ወተትና እንቁላል የሚሸጡት ሴቶች፣ ጥቅልል ጨርቅ ይዘው የሚሳፈሩት ነጋዴዎች ግን በዚህ ባቡር ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሲከፈት ተስፋ አድርጌአለሁ፤ አሁንም አደርጋለሁ። ነገር ግን የምጠይቀው ስንት ኮንቴይነር አለፈ ብዬ አይደለም። ስንት ልጅ ብየዳ፣ ማሽን ጥገና፣ ማሸግ ተማረ፤ የተማረውስ በስንት ብር ተቀጠረ ብዬ ነው። ለጅቡቲ ከነፃነት ማግስት ጀምሮ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ቢቀርብላት ኖሮ፣ የአክስቴ ጓደኛ ልጆች ዛሬ ሌላ ቦታ በደረሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ ሳንቲሞቹን እስካሁን አልመነዘረቻቸውም። ታይዋን ገበያ ወስዳ ብትሰጥ ወዲያው የሚወስድላት አለ። አምስቱ ያኔ አምስት ብር ከሰማንያ ሳንቲም ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከ300 ብር በላይ ናቸው። ይህን በወረቀት ሠርቼ ሳሳያት ጥቂት ዝም አለችና ስልኳን አነሣች፤ ጓደኛዋ እየደወለች ነበር። በየሳምንቱ ትደውላለች። ሰላምታው ረጅም ነው፦ ጤና፣ ልጆች፣ ሙቀቱ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ትገባለች፦ «አባዮ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስንት ገባ?»